የሳሎኑ ኮምፒውተር የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ የደረሰውን ኢሜይል ከፈተ። ከኢሜይሉ ጋር አንድ የዎርድ ሰነድ ተያይዞ ነበር። ግለሰቡ በኋላ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም ዋሽንግተን ለሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ሰነዱ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ወደ ኮምፒውተሩ ሰርጎ ገባ። ሶፍትዌሩም ለአራት ወር ተኩል ገደማ እዚያው ተደብቆ የስካይፕ ንግግሮችን፣ የኢሜይል ይዘቶችንና የኢንተርኔት ፍለጋዎችን ሲቀዳ ቆየ። ተከሳሹ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ክሱን ሲዘጋ የወሰነው የአሜሪካ ፍርድ ቤት በውጭ መንግሥት ላይ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም በሚል የሕግ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተሰኘ የምርምር ተቋም፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች በሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን ላይ ስለተካሄደ ሌላ የኮምፒውተር ስለላ ዝርዝር ዘገባ አወጣ።

የሕጉ ክርክር ለሕግ ባለሙያዎች ይቆይ። በክሱ ውስጥ ካሉት ዝርዝሮች መካከል የቤት ኮምፒውተር ያለውን ማንኛውንም ሰው ቆም ብሎ ሊያሳስበው የሚገባው አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ። ሶፍትዌሩ ከቀዳቸው ነገሮች አንዱ፣ የግለሰቡ ልጅ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ የቤት ሥራ ያደረገው የኢንተርኔት ፍለጋ ነበር። ኢሜይሉን የከፈተው አባት ነው፤ የተሰለለው ግን መላው ቤተሰብ ነው። አባትና ልጅ የሚጠቀሙት አንድ ማሽን ስለ ነበረ ሰላዩ አንዱን ከሌላው መለየት አላስፈለገውም።

በውጭ አገር በሚገኙ የብዙ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ሳሎን ጥግ ወይም በምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ኮምፒውተር እንዲሁ የሁሉም ነው። ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፣ እናት የባንክ ሒሳቧን ታይበታለች፣ አባት ዜና ይከታተልበታል፣ ለጥየቃ የመጡ አያት ደግሞ ማታ ማታ አገር ቤት ካሉት ዘመዶች ጋር በምስል ይነጋገሩበታል። የታክስ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ቅጂ፣ የመላው ቤተሰብ ፓስፖርት ፎቶ፣ ገንዘብ የተላከበት ደረሰኝ፣ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ አልፎ አልፎም ዳግም የማይታዩ ወላጆች የመጨረሻ ፎቶግራፍ እዚያው ውስጥ ተከማችቷል። ሆኖም ማሽኑ የሁሉም በመሆኑ የማንም አይደለም። ጥበቃውና ክብካቤው «ቴክኖሎጂ ለሚያውቀው ልጅ» ይተዋል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ጭራሹን ባለቤት ያጣል። የቤት በር መቆለፍ የአናጺ ሥራ እንዳልሆነ ሁሉ ኮምፒውተርን መጠበቅም የቴክኒሻን ሥራ አይደለም። የቤት አስተዳደር አካል ነው፤ በመሆኑም መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ማሽኑ ሳይሆን የቤቱ ደንብ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜውም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ይኸውም ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን የተጠቃሚ አካውንት መክፈት ነው። አንድ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ ሲያስነሣ የሚፈጥረው የመጀመሪያ አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ነው። ይህ ሥልጣን ፕሮግራም መጫንን፣ መከላከያዎችን ማጥፋትን፣ የሌሎችን ፋይል ማየትን ሁሉ ይጨምራል። መላው ቤተሰብ በዚህ አንድ አካውንት ሲጠቀም፣ የአሥር ዓመት ልጅ ጨዋታ መስሎት የጫነው ነገር በአስተዳዳሪው ሥልጣን ይሠራል ማለት ነው። መፍትሔው የአስተዳዳሪውን አካውንት ፕሮግራም ለመጫን ብቻ ለይቶ አስቀምጦ፣ አባትና እናትን ጨምሮ ሁሉም ሰው በየዕለቱ የሚገባበትን ተራ አካውንት መፍጠር ነው። ዊንዶውስም ሆነ ማክ ይህን በ«ሴቲንግስ» ውስጥ በቀላሉ ያስደርጋሉ። ይህ ግን ሙሉ ከለላ አይደለም። በተራ አካውንት ውስጥ የገባ ሰላይ የዚያን ተጠቃሚ ፋይሎች መስረቅ አሁንም ይችላል። ሆኖም በአንዱ ክፍል የተነሣ እሳት ወደ ሌላው ክፍል በቀላሉ እንዳይዛመት ግድግዳ ያቆማል፤ የልጅ ስህተት የአባትን ሰነድ፣ የአባት ስህተትም የልጅን የትምህርት ሥራ እንዳይነካ ያግዛል።

ወደ ኢሜይሉ እንመለስ። ለኢትዮጵያውያን የተጠመዱት ወጥመዶች የጋራ ባሕርይ ነበራቸው። ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ የገለጸው አንድ የፊንስፓይ ማጥመጃ የተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶግራፍ መማረኪያ ያደረገ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለጠው ዘመቻ ደግሞ ተፈላጊዎቹን እውነተኛ በሚመስሉ የቪዲዮ ገጾች አድርጎ፣ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም «እንዲያድሱ» ይጋብዝ ነበር። አጥማጁ ማጥመጃውን የሚመርጠው ከተጠማጁ ፍላጎት ነው። ስለ አገሩ ጉዳይ ሌት ተቀን የሚጨነቅ ሰው በሎተሪ ዕድል አይታለልም፤ «ሰበር ዜና» ወይም «ምስጢራዊ ሰነድ» የሚል ርእስ ሲያይ ግን እጁ ይቀድመዋል። ዛሬ ተራው ሌባም ይህንኑ ብልሃት ወርሷል፤ የሚልከው «የቪዛ ማመልከቻዎ ውጤት»፣ «የዕቃ ማድረሻ ማስታወቂያ» ወይም «የታክስ ተመላሽዎ» የሚል ሆኗል።

«የማታውቀው ሰው የላከውን ኢሜይል አትክፈት» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅምም። በሜሪላንዱ ጉዳይ ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ አልፎ የመጣ ነበር፤ አስተላላፊውም ሳያውቅ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ላከው?» ብቻ ሳይሆን «ይህን ነገር ስጠብቅ ነበርን?» የሚል ሊሆን ይገባል። ያልተጠበቀ ሰነድ ሲደርስ ለላኪው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ «ወንድም ጋሼ፣ አሁን የላክልኝ ነገር ያንተ ነው?» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰነዱን ማየት ግድ ከሆነም ወደ ኮምፒውተር ከማውረድ ይልቅ የኢሜይል አገልግሎቱ በራሱ ገጽ ላይ በሚያሳየው ቅድመ ዕይታ መመልከት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ዎርድ ወይም ኤክሴል ሰነድ ከተከፈተ በኋላ «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ቁልፍ እንዲጫኑ ቢጠይቅ ግን ያንን ቁልፍ አለመንካት ነው፤ በሰነዱ ውስጥ የተደበቀ ፕሮግራም እንዲነሣ ፈቃድ መስጠት ሊሆን ይችላልና። ፍላሽን «አድስ» የሚል መልእክት እስካሁን የሚያጋጥመው ሰው ካለም ውሸት መሆኑን ያለ ምርመራ ይወቅ፤ አምራቹ ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ፍላሽን ከአገልግሎት አውጥቶታል።

በዚሁ አጋጣሚ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ በር አለ። በአማርኛ ለመጻፍ ሲባል ከየድረ ገጹ የሚወርዱ የፊደልና የመተየቢያ ፕሮግራሞች ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ሌላ አማራጭ ያልነበረው ችግር ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተሰኘውን ፊደልና የአማርኛ መተየቢያን ይዞ መጥቷል። ማክም የራሱ የአማርኛ ፊደል አለው። ስለዚህ ባለቤቱ ካልታወቀ ገጽ፣ ያውም በሕገ ወጥ መንገድ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም አውርዶ በአስተዳዳሪ ሥልጣን መጫን ዛሬ ምክንያት የለውም። ቁልፉን የሰበረው ሰው ለምን በነጻ እንደሚያድል መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ጸረ ቫይረስ የሚሰማው ማስታወቂያ ከሚገባው በላይ ጮኋል። ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው መከላከያ ለተራ የቤት አገልግሎት የሚበቃ ነው። ሁለት ጸረ ቫይረስ ጎን ለጎን መጫን ኮምፒውተሩን ያዘገየዋል እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። ይልቁንም ፍርሃቱ ራሱ የማታለያ ገበያ ሆኗል። ድንገት ስክሪኑን የሚሞላ፣ እየጮኸ «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፤ በዚህ ቁጥር በአስቸኳይ ይደውሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብዙ አረጋውያንን አስለቅሷል። ማይክሮሶፍት ራሱ እንደሚያሳስበው የእርሱ የስህተት መልእክቶች ስልክ ቁጥር አይዙም። ቁጥር ያለበት ማስጠንቀቂያ ሁሉ የሌባ ነው። የሚደወልለት «ባለሙያ» ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም እንዲጫን ያደርጋል፤ ከዚያም ባንክ እንዲከፈት ይጠይቃል። መድኃኒቱ ገጹን መዝጋት፣ ካልተዘጋም የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ማሽኑን ማጥፋት ብቻ ነው። ይህን ለእናትና ለአባት አስቀድሞ በትዕግሥት ማስረዳት የልጆች ድርሻ ነው። ከተታለሉ በኋላ መቆጣት ግን በሚቀጥለው ጊዜ እንዲደብቁ ከማድረግ በቀር የሚፈይደው የለም።

ብዙ ሰው እንደ ጭቅጭቅ የሚያየው፣ ነገር ግን ከሁሉም ጸረ ቫይረስ የሚበልጠው መከላከያ ማሻሻያ ወይም በተለምዶ አፕዴት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያናውጥ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ጎድቷል። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎች ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ አምቡላንሶችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዞሩ ተደረገ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ማይክሮሶፍት ይደግፋቸው ለነበሩ የዊንዶውስ ዓይነቶች ከሁለት ወር በፊት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 14 ወጥቶ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል እንዲህ በቀን ተቆጥሮ የተረጋገጠበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማሻሻያው ከነበራቸው ማሽኖች ይልቅ «ነገ አድሰዋለሁ» እየተባሉ የቆዩት ተበሉ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ በብዙ ቤቶች አጣዳፊ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ለአንድ ዓመት የሚያገኙበት የምዝገባ መንገድ ከፍቷል፤ ያልተመዘገበ ኮምፒውተር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚገኙ ቀዳዳዎች መድፈኛ አይደርሰውም። ማሽኑ እንደ ድሮው ይነሣል፣ ይሠራል፣ ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ቤተሰብ ሦስት አማራጭ አለው። አንደኛው በተጨማሪው ማሻሻያ ተመዝግቦ ጊዜ መግዛት ነው። ሁለተኛው እንደ ሊነክስ ሚንት ያለ ነጻ ሥርዓት መጫን ሲሆን ለኢሜይል፣ ለዜናና ለቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው። ሦስተኛው ማሽኑን ከባንክና ከግል ሰነድ አርቆ ከኢንተርኔት ውጭ ላለ ሥራ ብቻ ማዋል ነው። እንዳለ መተው ከአማራጮቹ አይቆጠርም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሌባው እንዳይገባ ለማድረግ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር ያለ ሌባም ይሞታል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት አንዳንዴ በመንቃጨል ይናዘዛል፤ አዲሱ ዓይነት ኤስኤስዲ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ምልክት በአንድ ጧት ዝም ይላል። በዚያን ጊዜ የጠፋው ማሽን ቢበዛ የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ የጠፋው ፎቶግራፍ ግን በምንም አይተካም። እዚህ ላይ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያፈሰው ገንዘብና ጭንቀት ቦታውን የሳተ ነው፤ ለማሽኑ ሽፋንና ቦርሳ ይገዛል፣ ለይዘቱ ግን ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

ይህ ስንፍና የምስኪኖች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የአኒሜሽን ኩባንያ ቶይ ስቶሪ 2 የተሰኘውን ፊልም እየሠራ ሳለ፣ አንድ ሠራተኛ በስህተት የሰጠው የኮምፒውተር ትእዛዝ የፊልሙን ፋይሎች አብዛኞቹን ደመሰሰ። ኩባንያው መጠባበቂያ ቅጂ ነበረው፤ ሲፈተሽ ግን ቅጂው በትክክል መሥራት ካቆመ ከርሞ ተገኘ። ፊልሙን ያተረፈው የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ የነበረችው የጌሊን ሱስማን የቤት ኮምፒውተር ነው። ሱስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለ ነበር የፊልሙ ቅጂ እቤቷ ነበራት። ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን በመኪና ወደ ስቱዲዮው ተወሰደ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። በሌላ ቤት ያለ ቅጂ ያድናል፤ ተፈትኖ የማያውቅ ቅጂ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደንብ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማስቀመጫዎች ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የሚተረጎመው እንዲህ ነው። አንዱ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነው። ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ሦስተኛው በክላውድ ወይም በሌላ ከተማ በምትኖር እህት ቤት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ውጫዊው ዲስክ ከተገለበጠበት በኋላ መነቀል አለበት፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ እንደ ዋናክራይ ያለ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። እንዲሁም በየመሣሪያው ፋይልን የሚያመሳስሉ የክላውድ አገልግሎቶች ብቻቸውን መጠባበቂያ አይደሉም። በኮምፒውተሩ የተሰረዘው ፎቶ በክላውዱም ይሰረዛል፣ ከጊዜያዊው ቅርጫትም ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ይጠፋል። ለመፈተሽም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ሰሞን፣ ከመጠባበቂያው ላይ ጥቂት ፎቶዎችን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ የቆዩ ፎቶዎችን ማየቱ ደግሞ ለበዓሉም ያምራል።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ ዋናው ስህተት አጭር መሆኑ ብቻ ሳይሆን አንዱ ለሁሉም መሆኑ ነው። አንድ አነስተኛ የግብይት ገጽ ሲዘረፍ፣ ሌባው ያገኘውን የይለፍ ቃል በኢሜይሉም በባንኩም ላይ ይሞክራል። ኢሜይል የሌሎቹ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ የራሱ የሆነ ረጅም የይለፍ ቃል ይገባዋል፤ ለቀሩት የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም መጠቀም ከማስታወስ ይሻላል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲከፈት ግን ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ያስብ። ኮዱ በስልክ መልእክት የሚመጣ ከሆነና አዲስ አበባ ላይ ሲም ካርድ ቢቀየር፣ ባለቤቱ ከገዛ ኢሜይሉ ደጅ ይቀራል። ኮዱን በስልኩ ውስጥ የሚያመነጭ ፕሮግራም መጠቀም፣ የመጠባበቂያ ኮዶችንም በወረቀት አትሞ ከፓስፖርት ጋር መያዝ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ስለ ማሽኑ አካል ብዙ ማለት አያሻም። የኮምፒውተር ጠላቱ ሙቀት ነው። ላፕቶፕን አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አስቀምጦ መጠቀም የአየር መተንፈሻውን ይደፍናል። አቧራ ሲጠራቀም ማራገቢያው ይጮኻል፤ በዚያን ጊዜ ማሽኑን አጥፍቶና ነቅሎ በታመቀ አየር ማጽዳት ይገባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ በክረምት ቀትር መኪና ውስጥ የተተወ ላፕቶፕ ባትሪው እንደ ተቀቀለ ይቆጠር። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ወይም መዳፊያውን ወደ ላይ ከገፋ አገልግሎቱን ወዲያው ማቆም ነው፤ መጫንም መውጋትም እሳት ያስነሣል። ቡና ከፈሰሰበትም ማጥፋት፣ መንቀል፣ መገልበጥና ለባለሙያ ማሳየት እንጂ ሩዝ ውስጥ መቅበር ተረት ነው።

በመጨረሻ አሮጌው ኮምፒውተር የሚሄድበት ቦታ ይታሰብ። በብዙ ቤት ዕጣው የታወቀ ነው፤ በሻንጣ ተጭኖ ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ ስጦታ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን አብሮት የላኪው ቤተሰብ ሕይወት ይጓዛል። ፋይልን ወደ ቅርጫት ጥሎ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ይዘቱን ከዲስኩ አያጠፋም፤ የማውጫውን ምልክት ብቻ ይሰርዛል። ማሽኑ ሲሸጥ፣ ለጥገና ሲሰጥ ወይም በጉዞ ላይ ሲሰረቅ፣ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች የፓስፖርቱንና የታክሱን ቅጂ መልሰው ሊያወጡት ይችላሉ። ከመላኩ በፊት መጠባበቂያውን ማረጋገጥ፣ ከየአካውንቱ መውጣት፣ ከዚያም በዊንዶውስ ‹ሪሴት ዚስ ፒሲ› የሚለውን መርጦ ሁሉንም ነገር እንዲያስወግድና ድራይቩን እንዲያጸዳ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ማታ ጀምሮ ተኝቶ ማደር ነው።

የሚላከው ከአሜሪካ ከሆነና በተለይም አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት ገደማ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ነው። የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ድረስ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ይህም በላያቸው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎ ይገኛል። በብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ጀርባ ላይ ግን 115 እና 230 የሚል ቁጥር የያዘች ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። ማብሪያዋ 115 ላይ እንዳለች ማሽኑ አዲስ አበባ ላይ ከተሰካ፣ ጭስና የተቃጠለ ሽታ ይከተላል፤ ስጦታውም ሳይነሣ ይቀበራል። መብራቱ በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ደግሞ ከስጦታው ጋር ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ መግዣ መላክ ተገቢ ነው። ቀይዋን ማብሪያ ወደ 230 ለመግፋት አንድ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይበቃል፤ ገመዱ ግን አስቀድሞ መነቀል አለበት።